ጉባኤ ጠሪዋ

የመዝገብ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ለሌሎቻችን ደወል ነበረች። ቅጽል ስሙ የወጣላት በዩኒቨርሲቲው ስልክ አገናኝ ሆና በምትሠራበት ዘመን ነው። ያኔ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፍ ስለነበር፣ አንዱን መምህር ፈልጎ የደወለ ሰው ከእሷ ጋር ወሬ ይይዝና የፈለገውን ሰው ይረሳ ነበር ይባላል። ለጠብ የደወለ እንኳ የእሷን «ጤና ይስጥልኝ» ሲሰማ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንዴ የሰማችውን ድምፅ ደግሞ አትረሳም። ከስንት ጊዜ በኋላ የደወለን ሰው፣ ስሙን ሳይናገር፣ «እንዴት ነዎት? ያ ጉንፋን ለቀቀዎት?» ብላ ታስደነግጠዋለች።

ኋላ የየቢሮው ስልክ ቀጥታ ሆነና አገናኝ አላስፈለገም። ክፍሏ ተዘጋ። ወዴት እንደምትመደብ ግራ ገብቷቸው ሳለ፣ የስሌት ማዕከሉን ያቋቋሙት ሽማግሌ ፕሮፌሰር ሰሙና ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ሄደው «ይቺን ሴት ለእኔ ስጡኝ» አሉ።

«ኮምፒውተር አታውቅም እኮ» ቢሏቸው፣

«ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰውማ ሞልቶኛል። ሰው የሚያውቅ ነው ያጣሁት» ብለው ይዘዋት መጡ።

እኔ በማዕከሉ ምድር ቤት የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። ማሽኑ ሱፐር ኮምፒውተር የሚባለው ነው። ስሙ ሲሰማ አንድ ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ፣ በቁም ሳጥን በቁም ሳጥን የተደረደሩ ብዙ ኮምፒውተሮች በገመድ ተሳስረው አንዱን ከባድ ሥራ ተካፍለው የሚሠሩበት ነው። ሽማግሌው ለጎብኚ ሲያስረዱ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ይኸው ድሩ» ይሉ ነበር። የነገውን አየር፣ የድልድይን ጥንካሬ፣ የመድኃኒትን ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች ስሌታቸውን ይልኩልናል፤ ማሽኑ ሌት ተቀን እያጓራ ይሠራል፤ እኔ ደግሞ እንዳይሞቀው እጠብቃለሁ።

በየዓመቱ ጉባኤ ነበረን። ተመራማሪዎች ያሰሉትን ይዘው ይመጣሉ፤ ኮምፒውተር የሚሸጡ ኩባንያዎች ደግሞ ከአዳራሹ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ዕቃቸውን ያሳያሉ። ተመራማሪ ከሌለ ሻጭ አይመጣም። ሻጭ ከሌለ ደግሞ ለጉባኤው ሻይ የሚያፈላለት እንኳ አይገኝም። ሁለቱንም ማምጣት የደወል ሥራ ነበር። ለተመራማሪው ሻጮቹ እሺ ብለዋል ትለዋለች፤ ለሻጩ ተመራማሪዎቹ ተመዝግበው አልቀዋል ትለዋለች፤ ሁለቱም ገና ምንም አላሉም። «ኃጢአት አይሆንብሽም?» ስላት፣ «የጋብቻ ሽማግሌ ሆኖ የማያውቅ ነው እንዲህ የሚጠይቅ። ሴቷን ወዶሻል፣ ወንዱን ወዳሃለች ሳይባል የተጋባ ማን አለ?» አለችኝ።

ለሁለት ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ልካ አታውቅም። ከደብዳቤው በኋላ ደግሞ ትደውላለች። የአንዱን ልጅ ፈተና፣ የሌላዋን የእናቷን ጉልበት ሕመም ትጠይቃለች። ስለ ስሌት የምታውቀው እኔ ከነገርኳት አይበልጥም፤ ሆኖም አንዱ ሊቅ አንዴ «እኔ የምመጣው ለጥናቱ አይደለም፤ ካልመጣሁ ደወል ትታዘበኛለች ብዬ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ።

በደጉ ጊዜ ሻጮቹ በጠረጴዛ ይጣሉ ነበር። አንድ ገና ጀማሪ የሽያጭ ሠራተኛ፣ ቦታው ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ በመሆኑ ፊቱ ጠቁሮ መጣባት።

«እትዬ ደወል፣ ምን በደልኩሽ?»

«ልጄ» አለችው፣ «ሰው ሻጭ ጋ ሳይሄድ ሊውል ይችላል። እዚያ ሳይሄድ ግን አይውልም። ከዚህ የተሻለ ቦታ የለኝም።»

እውነትም በዚያ ዓመት እንደ እሱ የቀናው አልነበረም።

ሽማግሌው ሞቱ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት አለቆች ስለ ማሽኑ በስብሰባ ላይ ከመስማት በቀር ወርደው አላዩትም። ጉባኤውም ተቋረጠ፤ ማሽኑም አረጀ። መለዋወጫውን የሚሠራው ፋብሪካ ከተወው ቆየ። አንዱ ኮምፒውተር ሲሞት ክፍሎቹን አውጥቼ ለታመመው እሰጣለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከቁም ሳጥኖቹ ግማሾቹ ባዶ ሆኑ። የክፍሉ ጩኸት ቀንሶ ሰው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ማውራት ቻለ። ይህ ለሌላው እፎይታ ነበር። እኔን ግን ያስፈራኝ ነበር።

ደወል ባል አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልወለደችም። የሞተችው ታናሽ እህቷ የተወቻትን ልጅ አሳድጋለች። የሚኖሩት ከአንድ ማተሚያ ቤት ጀርባ በሁለት ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ማተሚያው ሲንኳኳ ስለሚውል፣ ሁለቱም በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ሲያወሩ ከጎረቤት ጋር በአጥር የሚነጋገሩ ይመስላሉ። ልጅቷ ሒሳብ ተማረች፤ ቀጥላም ለዶክትሬቷ አንድ ወንዝ ያዘች። ላይኛው አገር ከባድ ዝናብ ሲጥል ውኃው በየትኛው ሰዓት የት እንደሚደርስ፣ የቱን ሜዳ እንደሚውጥ ቀድሞ የሚያሰላ ሥራ ነው። ጓደኞቿ «የወንዝ ሐኪም» ይሏታል። አክስቷ ግን ሲያሾፉባት አትወድም፤ «ሐኪም ማለት ሳይታመሙ የሚደርስ ነው» ትላለች።

ያንን ወንዝ በእኛ ማሽን ነበር የምታሰላው። ላይኛው ክፍል በገደል መሐል ስለሚወርድ ለማሽኑ ቀላል ነው፤ ውኃ በገደል ወዴት ይሄዳል? ታችኛው ክፍል ግን ሜዳ ነው፤ ውኃው እንደፈለገ ይተኛበታል። ትንንሾቹ ከተሞች ያሉትም እዚያው ነው። ያንን ለማስላት ማሽኑ በሙሉ ጉልበቱ መሥራት ነበረበት። ልጅቷ ሥራውን ትሰጠዋለች፤ ማሽኑ ጥቂት ሄዶ ይወድቃል። እንደገና ትሰጠዋለች፤ ይወድቃል። ምድር ቤት ትወርድና ከእኔ ወንበር አጠገብ ትቀመጣለች።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«እርጅና ነው፣ ልጄ።»

«እርጅና መድኃኒት የለውም?»

«አለው፤ አዲስ መግዛት ነው» አልኳት። ሁለታችንም አልሳቅንም።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን አዲስ ዳይሬክተር መጣ። ከአስተዳደር የመጣ፣ ልብሱ የማይጨማደድ፣ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ከስልኩ የማያነሳ ሰው ነበር። ክፉ ነበር አልልም። ደወልንና እኔን አስጠርቶ እንዲህ አለን፦

«አዲስ ማሽን ይገዛ የሚለውን ጥያቄ አይቼዋለሁ። ለበላይ ይዤ ስሄድ የሚጠይቁኝ፣ ይህን ማዕከል ማን ይፈልገዋል? ብለው ነው። እስቲ ጉባኤውን ጥሩ። አዳራሹ ከሞላ፣ ሻጮችም ከመጡ፣ ሕይወት አለው ብዬ እሟገታለሁ። ካልሆነ ምድር ቤቱ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል።»

«ሞላ የሚባለው ስንት ሰው ሲመጣ ነው?» አለች ደወል።

«ሲሞላ ይታያል፣ እትዬ» አላት።

ከቢሮው ስንወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። ሰው መጥራት ብቻ ከሆነ የተጠየቀችው፣ እሱንማ ታውቅበታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠረጴዛዋ ላይ ተተክላ ቀረች። እሷ ትናገራለች፤ የእህቷ ልጅ ትጽፋለች። ለዚህ «ያ የነፋስ ስሌት ከምን ደረሰ? ወጣቶቻችን ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት» ይላል። ለዚያኛው «ባለፈው ጊዜ ዝናብ አበላሽቶብን አዳራሹን ሳናሳይዎት ሄዱ» ይላል። ለሻጮቹም እንደየጠባያቸው ተጻፈ። ከወንዝና ከዝናብ ጋር ሥራ አላቸው ለተባሉ ትንንሽ ቢሮዎች ሁሉ ሳይቀር ላከች።

መልስ ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ ሌላ ሳምንት ሆነ። በመጨረሻ አንድ መልስ መጣና ተሰብስበን አየነው። ከዚህ በፊት ጉባኤያችን ላይ ያልመጣ አንድ ተመራማሪ ነው። «ከዝርዝራችሁ አውጡኝ። ሌቦች ናችሁ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።

ደወል ለረጅም ጊዜ አነበበችው። «ምን ወሰድንበት?» አለች።

ልጅቷ ቀስ ብላ አስረዳቻት። «አክስቴ፣ በየዓለሙ የውሸት ጉባኤ የሚጠሩ ሌቦች አሉ። እንዳንቺው በአክብሮት ነው የሚጽፉት። ጥናትዎን አደነቅነው፣ ያለ እርስዎ ጉባኤው አይደምቅም ይላሉ። መመዝገቢያ ያስከፍሉና ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ አዳራሽ የሚባል ነገር የለም። አሁን ሰው የማያውቀውን ጥሪ ሁሉ ሳያነብ ነው የሚጥለው። ኮምፒውተሩም ራሱ ለይቶ ከቆሻሻው ጋር ያስቀምጠዋል።»

«እኛ ግን አዳራሽ አለን» አለች ደወል።

«አዎ፣ አክስቴ።»

«ሄደው ማየት ይችላሉ እኮ። ወንበር አለው፤ መጋረጃ አለው።»

በአክብሮት የጻፈችው ነገር ሁሉ የሌባ ቋንቋ ሆኖ ነው የተገኘው። በማግስቱ ግን «ደብዳቤ ሊዋሽ ይችላል፤ ስልክ አይዋሽም» ብላ መደወል ጀመረች።

መጀመሪያ የደወለችለት በደጉ ጊዜ ሁለቴ የመጣ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነበር። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር፤ ስልኩ ድምፅ ስለሚያወጣ ሁሉን እሰማለሁ። እንደ ልማዷ በድምፁ ለየችውና፣ «እንዴት ነዎት? ባለቤትዎ ቀዶ ሕክምናው ተሳካላቸው? ትንሹስ ልጅዎ፣ ያ ዋሽንት የሚማረው?» አለችው።

ሰውየው ግን፣ «ይህን ሁሉ ከየት አገኛችሁት?» አለ።

«እርስዎ ነግረውኝ ነዋ! ደወል ነኝ፤ ከስሌት ማዕከሉ።»

«ስሚኝ፤ ማንም ሁኚ ምን። ባለፈው ወር የእናቴን ድምፅ አስመስሎ አንድ ማሽን ደውሎልኛል። እንዳንቺው ስለ ልጄ ጠይቆኛል። ገንዘብ ልልክ ስል እናቴ ከጓዳ ወጣች።»

«ኧረ እኔ ማሽን አይደለሁም!»

«እሱም እንደዚያ ነበር ያለው» አለና ዘጋባት።

ስልኩን አስቀመጠችና እጇን ከላዩ ሳታነሳ ቆየች። እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኜ የምገባበት አጣሁ። በሕይወቷ ያላት አንድ ሀብት ድምፅዋ ነበር። ሰው ባላመናት ቁጥር በድምፅዋ ነበር የምታሳምነው።

«አንተ» አለችኝ፣ «እነዚህ በሰው ድምፅ የሚያወሩት ነገሮች የሚሠሩት እንዳንተ ዓይነት ማሽን ላይ ነው?»

«አዎ። የእኛው ዓይነት ናቸው፤ እነሱ ሀብታሞቹ ናቸው እንጂ።»

«እንግዲያ በዘመድ ነው የተበላሁት» አለችና ሳቀች። ሳቁ ግን ሳያልቅ ተቋረጠ።

ቢሆንም አላቆመችም። አንዳንዱ አያነሳም። አንዳንዱ ያነሳና «ጥናቱ የት መጽሔት ላይ ይወጣል?» ይላል። አንዳንዱ በቪዲዮ እገባለሁ ይላል። ከዚያ ያ የመጸዳጃ ቤቱ ጠረጴዛ ልጅ፣ አሁን የኩባንያው የሽያጭ ኃላፊ ሆኗል፣ ስልኩን አነሳ።

«እትዬ ደወል! በሕይወት አለሽ? ያቺ ጠረጴዛዬስ አለች?»

«አለች፣ ልጄ። ለማንም አልሰጠኋትም።»

«በቃ እመጣለሁ!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንደ ልጅሽ ልጠይቅሽ፤ ማሽን ትገዛላችሁ?»

ዳይሬክተሩ ለሻጭ ሁሉ «ግዢው በዝግጅት ላይ ነው» በሉ ብሎን ነበር። ድሮ ቢሆን ትለው ነበር። አሁን ግን፣ ሌባ ከተባለች ወዲህ ይመስለኛል፣ ምላሷ እሺ አላላትም።

«ልጄ፣ አለቆቼ ሻጮች ከመጡ እንገዛለን ይላሉ። እናንተ ደግሞ ከገዛችሁ እንመጣለን ትላላችሁ። እኔ መሐል ቆሜያለሁ።»

ሳቀ። «እመጣለሁ አልኩሽ እኮ» አላት።

የሽማግሌው ተማሪ የነበረ፣ አሁን በውጭ አገር ትልቅ ስም ያተረፈ ሳይንቲስትም ጉባኤውን እከፍታለሁ ብሎ ጻፈ። የእሱ ስም ሲጠራ ሌሎችም እሺ አሉ። ለጥቂት ቀናት ቢሮው ውስጥ የድሮው ዓይነት ነገር ተመለሰ። አዳራሹ ተጠረገ፤ መጋረጃው ታጥቦ ተሰቀለ። ልጅቷ ንግግሯን ማተሚያው እየተንኳኳ ቤት ውስጥ ስታጠና፣ አክስቷ «ጮክ በይ፣ ከኋላ ያለው አልሰማም» እያለች ከበሩ ላይ ሆና ታዳምጣታለች። እኔም ያለኝን ሁሉ ሞክሬ ታችኛውን ወንዝ አንድ ጊዜ እንዲጨርስልን ማሽኑን ለመንኩት። እምቢ አለኝ።

የጉባኤው ጠዋት ደረሰ። መጀመሪያ የመጣው ከሻጩ ኩባንያ የተላከ ሾፌር ነው። አንድ የተጠቀለለ ባነርና አንድ ካርቶን እስክሪብቶ አወረደ።

«ኃላፊውስ?» አለችው ደወል።

«እኔ ይሄን አድርስ ነው የተባልኩት። እዚህ ጋ ፈርሚልኝ።»

ደወለችለት፤ አላነሳም። ባነሩን ራሷ ዘረጋችና ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ኋላ አቆመችው። አንድ ጎረምሳ ክንዱን አጣምሮ ከአዲስ ማሽን ጋር ፈገግ ያለበት ሥዕል ነው። ከሥዕሉ ሌላ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ጋ አልቆመም።

አዳራሹ ግን፣ ይገርማል፣ ሞልቶ አገኘነው። ደወል በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። ወዲያው ግን ፊታቸውን አየሁ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ዳይሬክተሩ ክፍላቸውን አዘግቶ ነው ያመጣቸው።

ሳይንቲስቱ አልመጣም። ጠዋት ላይ መልእክት ልኮ፣ መምጣት ስላልቻልኩ ንግግሬን ቀርጬ ልኬላችኋለሁ ብሏል። ፕሮጀክተሩ ተከፈተ፤ ሰውየው ብቅ አለ፤ ፀጉሩ ሸብቷል። «በዚህ በአምስተኛው የባሕር ሳይንስ ጉባኤ ላይ በመገኘቴ ኩራት ይሰማኛል» ብሎ ጀመረ። ለሌላ የቀረጸውን ነው የላከልን። እናቋርጠው እንዳንል የአዳራሹን ጸጥታ ፈራን፤ ስለ ባሕር እስከ መጨረሻው አዳመጥን። ከዚያ ተጨበጨበ።

እሺ ካሉት ውስጥ በእግራቸው የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሻይ ሰዓት ተማሪዎቹ ስማቸውን ፈርመው፣ ከካርቶኑ እስክሪብቶ እየወሰዱ ወጡ። አልተመለሱም። ከሻይ በኋላ የልጅቷ ተራ ነበር።

ወደ መድረኩ ስትወጣ አዳራሹ ውስጥ ከቀረነው መካከል ሁለተኛው ረድፍ ላይ የዝናብ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ያስቀመጠች አንዲት ሴት ነበረች። ደወል ቀደም ብላ አነጋግራታለች። ከታችኛው አገር፣ ወንዙ ዳር ካለች ትንሽ ከተማ የውኃ ቢሮ ነው የመጣችው፤ ሌሊቱን በአውቶቡስ ነበረች። «እንዴት አመንሽን?» ብላ ደወል ብትጠይቃት፣ «እኛን ማንም ጠርቶን አያውቅም። ስትጠሩኝ መጣሁ» አለቻት።

ልጅቷ ጥሩ ተናገረች። አክስቷ እንደነገረቻት ጮክ ብላ ነው የተናገረችው፤ ባዶ ወንበሮቹ ድምፅዋን መልሰው ይሰጧታል። ግድግዳው ላይ ወንዙን አሳየች። ከተራራው ጀምሮ ውኃው በየሰዓቱ እንዴት እንደሚያብጥ፣ እስከ ትልቁ ድልድይ ድረስ በሰማያዊ ወረደ። ከድልድዩ በታች ካርታው ነጭ ነው።

ሲያልቅ ሴትየዋ እጇን አነሳች።

«ከድልድዩ በታችስ? እኛ ያለነው እዚያ ነው።»

ልጅቷ ወረቀቷን አየች። «እዚያ ገና አልደረስኩም። ማሽኑ አልቻለልኝም።»

«መቼ ትደርሺበታለሽ?»

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ የዳይሬክተሩን ወንበር አየሁ፤ ባዶ ነው። ደወል ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ሁለት እጇን አጣምራ ቆማለች።

«አላውቅም» አለች ልጅቷ።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። የተናደደች አትመስልም። «እሺ። እንደዚያው ብዬ ነው የምነግራቸው» አለችና ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች፤ የመመለሻ አውቶቡስ እንዳያመልጣት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳይሬክተሩ አስጠራን።

«እንግዲህ እንዳያችሁት ነው» አለ። «አዳራሹ አልሞላም።»

«ጠዋት ሞልቶ ነበር» አለች ደወል።

«እነሱንማ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው፣ እትዬ» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አያት። «እኔም የምችለውን ሞክሬያለሁ። አልቻልኩበትም።» እንዲህ ሲላት ልትቆጣው የያዘችው ቃል ከአፏ ጠፋ። የሚጠላ ሰው ማጣትም አንድ መከራ ነው።

ማሽኑ ተነቀለ። የሸክም ሠራተኞች መጥተው ቁም ሳጥኖቹን እያገላበጡ አወጡ። በመጨረሻው ቀን ማቀዝቀዣውን ሳጠፋ ክፍሉ ቀስ እያለ ሞቀ፤ ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስለማላውቅ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር። እኔን የየቢሮውን ማተሚያ እንድጠግን መደቡኝ። ደወልን የጠፋ መታወቂያ የሚመለስበት መስኮት ላይ አስቀመጧት።

ወደዚያ ከመሄዷ በፊት ግን፣ ለጠራቻቸው ሁሉ ደውላ ጉባኤው ከእንግዲህ እንደማይኖር ልትነግር ተነሳች። «ተይ፣ ማንም አይጠይቅሽም» አልናት። «የጠራ ሰው በሩ መዘጋቱንም ይናገራል» አለች። ብዙዎቹ አላነሱም። ያ የሽያጭ ኃላፊ አነሳ፤ አፍሯል።

«እትዬ ደወል፣ አለቆቼ የማይገዛ ቤት አትሂድ አሉኝ። በምን አፌ ልንገርሽ ብዬ ነው ያላነሳሁት።»

«ግድ የለም፣ ልጄ። ባነርህ ሲቆም ውሏል፤ ሰዓት ያከብራል» አለችው። እሱ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልገባኝም። እሷ ግን ስትዘጋው አልሳቀችም።

በዚያ ክረምት ደወል ሬድዮ ከጆሮዋ አልተለየም። ስለ ታችኛው አገር የሚባል ነገር ካለ ማተሚያ ቤቱ ሄዳ ማሽኑን አቁሙልኝ እስከማለት ደርሳለች። ዝናቡ ግን ሳሳ። ወንዙ ከአፋፉ ሳይወጣ ክረምቱ አለፈ። ሰው ሁሉ «ይኸው፣ ምን ሆነ?» አለ። ልጅቷ ለሁለት ሌሎች ተቋማት ማሽናችሁን አውሱኝ ብላ ጽፋ ነበር፤ አንደኛው አልመለሰም፤ ሁለተኛው አስቸኳይነቱ አልታየንም አለ። ውኃው ያን ዓመት ባለመምጣቱ ጥናቷ ትርፍ ነገር መሰለ። ይምጣ ብሎ መመኘት ደግሞ አይቻልም። አንድ ቀን ደወል መስኮቷ ላይ ሆና፣ «ለደግም ለክፉም መጸለይ አቃተኝ» አለችኝ።

ልጅቷ በመጨረሻ የባንክ ሥራ አገኘች፤ ሌላ ከተማ ነው። ያኔ ነው ሁለቱ የተጣሉት፤ ሲጣሉ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

«ወንዙስ?» አለች ደወል።

«ወንዙ እኔን አይጠብቅም፣ አክስቴ።»

«ያቺ ሴትዮስ?»

«አላውቅም አልኳት እኮ! እውነቱን ነው የነገርኳት። ከዚህ ሌላ ምን ልስጣት?» አለችና ልጅቷ በሩን ዘግታ ወጣች። ማታ ተመልሳ ይቅርታ ጠየቀች፤ አክስቷም ይቅር አለች፤ ነገሩ ግን እንደነበረ ቀረ።

በምትሄድበት ቀን ዕቃ ላግዝ ሄድኩ። ብዙ የላትም፤ ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ፣ የመጻሕፍት ካርቶን። መኪናው ላይ ጫንን። ደወል አንገቷን አቅፋ ሳመቻትና «ጉሮሮሽን ጠብቂ፣ ብርድ አለ ይላሉ» ብቻ አለቻት። መኪናው ከመታጠፊያው ካለፈ በኋላ ገባን። እሁድ ስለነበር ማተሚያ ቤቱ ዝግ ነው፤ ቤቱ እንዲያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። የልጅቷ አልጋ ሽቦው ብቻ ቀርቷል።

«እስቲ ይሄን አልጋ ወደዚያ ጠጋ አድርግልኝ» አለችኝ። «በመስኮቱ ፀሐይ ይግባ፤ እዚያ የሚተኛ የለም።»

ጠጋ አደረግነው። ወለሉ ላይ አልጋው የቆመበት አራት ማዕዘን ሳይደበዝዝ ቀርቷል። ደወል ጨርቅ አርጥባ መጣችና፣ ጉልበቷን ይዛ ተንበርክካ፣ ከጥግ ጀምራ ወለሉን ትወለውል ጀመር።